ስለ ነገ መናገር ትዕቢት ነውን?

በሸዋ ሮቢት ትምህርታቸውን የፈጸሙ ልጃገረዶች በጨዋታ፥ «እኔ ሐኪም፥ አንቺ ዳኛ» ሲባባሉ የሰማ ሽማግሌ የያዕቆብን መልእክት ጠቅሶ ይገሥጻቸው ይሆናል። ነገር ግን ሐዋርያው በምዕራፍ 4 የነቀፈው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለትን የረሳውን ትምክሕት ነው እንጂ ተስፋን አይደለም። የይፋት ቆላ ገበሬ የክረምቱን ፍጻሜ ሳያውቅ ማሽላውን ይዘራል፤ ይህንም ትዕቢት የሚለው የለም። በ1950 ዓ.ም. ለሕዝብ ምክር ቤት በመመረጥ ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፥ ይህን በልጅነታቸው ተናግረውት ቢሆን ኖሮ ሰሚው በሳቀ ነበር።

ደግሞም ልጁን ሳይጠይቅ፥ «ለከርሞ ለእገሌ እድራታለሁ» የሚል አባት ስለ ነገ መናገሩ አይደለምን? እርስዋ በጨዋታ ትናገራለች፤ እርሱ ግን ይቈርጣል። እግዚአብሔር ያልከለከለውን አባት የከለከለ እንደ ሆነ፥ እንግዲህ ትዕቢተኛው ማን ነው?