«የምደብቀው ነገር የለኝም»

«ምን አገባኝ፣ የምደብቀው ነገር የለኝም» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 650,000 ገደማ ተጠቃሚዎቹ ያደረጉትን 20 ሚሊዮን ያህል ፍለጋ ለጥናት ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ነበር። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ግን ከቁጥሮቹ አንዱን ተከትለው አንዲት ሴት ጋ ደረሱ። እኚህ ሴት ስለ ብዙ ዓይነት ሕመም ፈልገዋል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው በሽተኛ ናቸው ይላል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ለጓደኞቻቸው ነበር።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መዝገቡ ምን እንደጠየቅን እንጂ ለምን እንደጠየቅን አያውቅም። ዛሬም ጉግልና ፌስቡክ ከፍለጋችንና ከላይካችን ተነስተው ማን እንደሆንን ይገምታሉ፤ በግምታቸውም ማስታወቂያ ይሸጣሉ። ታዲያ ጥያቄው «የምትደብቀው አለህ ወይ?» አይደለም። ስለ አንተ የሚናገረው ማነው? ነው።