ቁልፍ የያዘው እንግዳ

ጣሊያን ሊማሊሞን ቆርጦ የመኪና መንገድ ከማውጣቱ በፊት፣ ከጎንደር አዲ አርቃይ መውረድ በበቅሎ የቀናት ጉዞ ነበር። ዳባት ያድሩ ነበር፣ ደባርቅ ያድሩ ነበር፣ ከዚያ ገደሉን ይዘው ወደ ቆላው ይወርዱና ዛሪማን ይሻገራሉ። በዚያ ዘመን አንድ የጎንደር ነጋዴ አዲ አርቃይ ላይ መጋዘን ነበረው። ማሽላ በሉት፣ ማር በሉት፣ ቆዳ በሉት፣ ወደ ተከዜ ማዶ የሚሻገረው ሁሉ እዚያ ያርፋል።

ነጋዴው ለመጋዘኑ ዘበኛ ቀጠረ። ሽማግሌ ነው፤ እንቅልፍ የለው፣ ወሬ አይወድ፣ ጉቦ አይቀምስ። ሲቀጥረው አንዲት ትእዛዝ ሰጠው።

«ቁልፍ ይሰረቃል፤ ቁልፍ ይቀረጻል። ስለዚህ ቁልፍ የያዘን ሁሉ እንዳታስገባ። ፊቱን የማታውቀው ሰው ቁልፍ ይዞ ከመጣ አቁመውና ልጅ ላክብኝ። ‹የኔ ነው› ካልሁ ታስገባዋለህ፤ ‹አላውቀውም› ካልሁ ታባርረዋለህ።»

«እሺ ጌቶች» አለ ዘበኛው። እሱ ደግሞ እሺ ካለ አለ ነው።

ዓመታት አለፉ። የነጋዴው ጉልበት ደከመ፤ ሊማሊሞን መውጣት መውረዱ ሰለቸው። ጎንደር ከተማ አንድ የተመሰከረለት ወኪል ነበር። ጎልማሳ ነው፣ የአምስት የስድስት ነጋዴ ንብረት ያስተዳድራል፣ የሁሉንም ቁልፍ በጠፍር አስሮ ወገቡ ላይ ስለሚያንጠለጥለው ሲሄድ እንደ በቅሎ ቃጭል ይሰማል። ነጋዴው ይህን ሰው ጠራው፣ ጠላ አስቀዳለት፣ ቁልፉን ሰጠው። «በል ሂድ፣ ሽጥ፣ ለውጥ፣ ሒሳቡን አምጣልኝ።» ለዘበኛው ግን አልላከበትም። ቁልፉን ከሰጠሁት ሌላ ምን ቀረ ብሎ ነው።

ወኪሉ አዲ አርቃይ የገባው መሽቶ ነው። ቁልፉን መዞ ወደ በሩ ሲጠጋ ውሻው ጮኸ፤ ዘበኛው ከጎጆው ብቅ አለ።

«ማነህ?»

«ወኪሉ ነኝ፣ አያ። ይኸው ቁልፉ።»

ዘበኛው ጧፉን ከፍ አደረገ። «ቁልፉንማ አየሁት። የማላውቀው ፊትህን ነው።»

«ጌታዎ ናቸው የሰጡኝ!»

«ይሆናል። ልጅ ልኬ ልጠይቅ። አንተ እዚህ ቆይ።»

መልእክተኛው ልጅ ቀናት ሄዶ ጎንደር የደረሰው በእኩለ ሌሊት ነው። የነጋዴውን በር ደበደበ። «አንድ ሰው ቁልፍዎን ይዞ መጋዘንዎን ሊከፍት ሲል ደርሰንበታል። የእርስዎ ሰው ነው ወይ?»

በቀን ቢጠየቅ ያስታውስ ነበር፤ ቁልፉን ከሰጠ ገና ሳምንትም አልሞላው። ግን ሰው ከእንቅልፉ ባንኖ «ቁልፍ»፣ «ሊከፍት ሲል»፣ «ደርሰንበታል» የሚል ቃል ሲሰማ ምን ያስባል? ሰውየው ማን ነው አላለም። መልኩ ምን ይመስላል አላለም። «ኧረ አላውቀውም! አባሩት! ቁልፉንም ለውጡ!» አለና ተመልሶ ተኛ።

ልጁ የሰማውን አደረሰ። ዘበኛው ቀጥቃጭ አስጠርቶ ቁልፉን አስለወጠ፤ ወኪሉንም «ሂድ ልጄ» አለው። ቂም አልነበረበትም።

ወኪሉ ግን ብልጥ ነውና አልሄደም። በማግስቱ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የማይ ጠምሪ ነጋዴ ነኝ ብሎ መጣ። ከሰዓት በኋላ ካባ ተውሶ፣ ከማዶ የተሻገረ ባለ ዕዳ ነኝ አለ። ማታ በጓሮ አጥር ዞረ፤ ውሻው ባቱን ያዘው። ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን ያየው አንድ እንግዳ ነበር። አሁን ሦስት ሆኑበት፤ ሦስቱም ያንኑ መጋዘን የሚፈልጉ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቃቸውንም ያስቆም ጀመር። የነጋዴው የገዛ ልጅ እንኳ ማር ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

በመጋዘኑ ትይዩ ጠላ የምትሸጥ ሴት ይህን ሁሉ ከደጇ ሆና ታይ ነበር። ወኪሉ ባቱን አስሮ ሲቀመጥ ዋንጫውን አቀረበችለትና «ምነው አንተ፣ ሽማግሌውን ላሸንፈው ብለህ ነው?» አለችው። «እሱኮ የታዘዘውን ነው የሚያደርግ። ሂድና አዛዡን አምጣው።»

ነጋዴው እያጉረመረመ በበቅሎ መጣ። ሦስቱ በበሩ ፊት ቆሙ። ዘበኛው ለነጋዴው እጅ ነሣና በቀጥታ ወደ ወኪሉ ሄደ። እጁን ይዞ ፀሐይ ላይ አወጣው።

«ጥምጥምህን አውልቅ።»

አወለቀ። ግንባሩን አየው፤ ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቱ ነካት። መዳፉን ገልብጦ ተመለከተ። የአባቱን ስም ጠየቀው፣ የአያቱን ጠየቀው፣ አገሩን ጠየቀው፤ ሁሉንም ደግሞ አስደገመው። እዚያ የቆመው ሁሉ ሲሰለች እሱ አልሰለቸም። ሲጨርስ ወደ ነጋዴው ዞረ።

«ይህ ሰው ምን ምን ያድርግ?»

ነጋዴው ነገሩን አስቦበት አያውቅም። «እህሉን ያግባ፣ ያውጣ፣ ይሽጥ፣ ሒሳብ ይያዝ።»

«ቁልፍ ያስለውጥ?»

«አያስለውጥ።»

«ሌላ ሰው ያስገባ?»

«የለም፣ እሱ የኔ ነው።»

«መጋዘኑን ይሽጥ?»

«ኧረ በማርያም!»

«ብትጣሉስ?»

«‹ከእንግዲህ አላውቀውም› ብዬ እልክብሃለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ቁልፍ መለወጥም ቀረልን» አለ ዘበኛው። አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አፈረ። ኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጌቶች፣ እርስዎ ቢታመሙ፣ ባይገኙ… ልጁን ማን ላይ ልላከው?» አለ።

ነጋዴው ዝም አለ። ከኮሮጆው አንድ ጠገራ ብር አወጣ፣ ቀጥቃጩን አስጠራና ለሁለት አስቆረጠው። አንዱን ግማሽ ለዘበኛው ሰጠው። ሌላውን በኮሮጆው ይዞት አልዞረም፤ ጎንደር ሲገባ ሚስቱ እጅ አኖረው።

ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ እንግዳ ማረፊያ ያለው፣ መኪና የሚያከራይ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሰው የሚመራ አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነውና ፈላጊው ከሩቅ ይመጣል፤ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ጉግል ካርታና ፌስቡክ ላይ ያያል። የድርጅቱ ባለቤት ግን ገጽ የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ ወጣት የአምስት የስድስት ሰው ገጽ ይይዛል። ውክልናው በቴሌግራም ይላካል፤ ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ በቃ። የቴሌብርን ሚስጥር ቁጥር ለወንድሙ የማይሰጥ ሰው ይህን ለመስጠት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ወጣቱ ሊገባ ሲሞክር ጉግል አዲስ ስልክ፣ አዲስ ከተማ ያያል። ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል፤ ለመግባት የሚሞክረው አንተ ነህ? ባለቤቱ ከእንግዶች ጋር ኔትወርክ የሌለበት ተራራ ላይ ከሆነ መልስ የለም። ኔትወርክ ካለ ደግሞ ደንግጦ «እኔ አይደለሁም» የሚለውን ይጫናል። ያኔ ወጣቱ ቪፒኤን ይከፍታል፤ ጧት ኔዘርላንድ ነው፣ ከሰዓት አሜሪካ ነው። ማታ ገጹ ለባለቤቱም ይዘጋል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይማ፣ ይለፍ ቃሉን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ከመስጠት ሌላ ምን ይታሰባል? ገጹ ግን ያ ዘመድ መሆኑን በምን ያውቃል?

የሽማግሌው ጥያቄዎች ግን እዚያው ገጹ ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ፤ የሚከፍታቸው ነው የጠፋው። በጉግል የንግድ ገጽ ላይ ባለቤት አለ፣ ሥራ አስኪያጅ አለ። ሥራ አስኪያጁ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስልክ ይገባል፤ ፎቶ ይለጥፋል፣ ለደንበኛ አስተያየት መልስ ይሰጣል፣ የሥራ ሰዓት ያስተካክላል። ሰው መጨመርና መቀነስ፣ ገጹንም ማጥፋት አይችልም። አዲስ የገባ ሰው ሙሉ ሥልጣኑን እስኪይዝ 7 ቀን ይጠብቃል። የፌስቡክ ገጽም ሙሉውን ወይም ከፊሉን ሥልጣን ለይቶ መስጠት ያስችላል፤ የቴሌግራም ቻናልም አስተዳዳሪ ይጨምራል። ቢጣሉ ስሙ ይሰረዛል፤ የማንም ይለፍ ቃል አይነካም። ይለፍ ቃል ከመስጠት የባሰም አለ፤ ወኪሉ ገጹን ከመጀመሪያው በራሱ ስም ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ዘበኛው ጌታዬ ብሎ የሚያውቀው ወኪሉን ነው፤ ባለ ሆቴሉ ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ግማሿ ጠገራ ብርም አልጠፋችም። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበራ ሰው ጉግል 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ባለ 8 አኃዝ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ገደል ሲገባ በእነሱ ይገባል። አንዳንዱ ይህን ሲነግሩት እውነት ነው ብሎ ቁጥሮቹን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እዚያው ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።