ወሰን ስለ መግፋት

በአገራችን ሕግና ልማድ ወሰን መግፋት ነውር ነው። ባላገር በእርሻው ድንበር ላይ ያቆመውን ድንጋይ ጎረቤቱ በሌሊት ነቅሎ ጥቂት ክንድ ወደ ውስጥ ቢተክለው፥ ነገሩ በሽማግሌ ቢያልቅ መልካም፤ ባያልቅ ግን ዳኛ ፊት ያቆማል፥ አንዳንድ ጊዜም ደም ያፋስሳል። ወሰን የገፋ ሰው ከሌላው ርስትና ድካም ቆርሶ ስለ ወሰደ እንደ ሌባ ይቈጠራል። ነገር ግን ይኸው ቋንቋችን፥ አንድ ሯጭ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልደረሱበትን ፍጥነት ሲያገኝ «ክብረ ወሰን ሰበረ» ብሎ ያመሰግነዋል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የምድርን ወሰን የሚገፋው ከተነቀፈ፥ የክብርን ወሰን የሚሰብረው ስለ ምን ይመሰገናል? የታላቅን ስም ከነበረበት ቦታ አውርዶ የራስን ስም መጻፍስ ከታላቅ ርስት ከመቁረስ በምን ይለያል?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። እኛ ታላቅን ማክበር ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርን ሕዝብ ነን። በማዕድ ጊዜ የእጅ ውሃ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለታላቅ ነው፤ በመንገድም ታናሽ ታላቁን ቀድሞ አይሄድም። በዚህ ሥርዓት ያደገ ልጅ ሥራ በጀመረ ጊዜ በልቡ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ከአባቶችህ የበለጥህ ሁን» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ከአባቶቼ እበልጣለሁ ማለት ትዕቢት ነው» ይለዋል። ብዙ ወጣቶች ሁለቱን ማስታረቅ አቅቷቸው፥ ወይ ታላላቆቻቸውን ንቀው ይሄዳሉ፥ ወይም በታላላቆቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ ነገሩን በታወቀ ታሪክ እንመርምረው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1990 ዓ.ም. በሄንግሎ ከተማ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ይህን ወሰን በሰኔ ወር 1996 ዓ.ም. በኦስትራቫ የሰበረው የገዛ አገሩ ልጅ ቀነኒሳ በቀለ ነው፤ ጊዜውም 26 ደቂቃ ከ20.31 ሴኮንድ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎም የኃይሌን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን ወስዶ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሁለቱ በአቴና ኦሊምፒክ ተገናኙ። ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ በዚሁ በ10,000 ሜትር ያሸነፈ ጀግና ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን የተረከዙ ጅማት ታምሞ ነበር። በሩጫው መካከል ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር፥ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞር እያሉ እያዩ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። እርሱም ደረሰባቸው፤ ነገር ግን ዳግመኛ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ገፍተው ሄዱ። ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ፥ ኃይሌ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ።

በዚህ በአንድ ሩጫ ውስጥ ሁለቱም ግዴታዎች ይታያሉ። መጠበቃቸው አክብሮት ነበረ፤ ትተውት መሄዳቸውም አክብሮት ነበረ። እስከ መጨረሻው ቢጠብቁት ኖሮ ወርቁ ለሌላ ይሆን ነበር፤ ኃይሌም «በእኔ ምክንያት ልጆቹ ቀሩ» የሚል ሸክም ተሸክሞ ይኖር ነበር። ታላቅን የሚያዋርደው ታናሹ ቀድሞት መሄዱ አይደለም፤ ታናሹ በእርሱ ሰበብ ሰነፍ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከኃይሌ ምን ተወሰደ? እዚህ ላይ ደረጃንና ሥራን መለየት ያስፈልጋል። መሬት የተወሰነ ነው፤ አንዱ ክንድ ሲያተርፍ ሌላው ክንድ ይጐድልበታል። ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የተሮጠው ሩጫ ተሮጧል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢፈጥን ያንን ሩጫ እንዳልተሮጠ ሊያደርገው አይችልም። በሰንጠረዥ ላይ የነበረው ደረጃ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተነካም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከአርባ ቀን ገደማ በኋላ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ይህም በዓለም ከዚያ በፊት ያልታየ ፍጥነት ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1957 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ ጃፓናዊው ሞሪዮ ሺጌማትሱ በ11 ሴኮንድ አሻሻለው። እንግዲህ የአበበ የቶኪዮ ክብረ ወሰን የቆየው ስምንት ወር ያህል ብቻ ነው። ስሙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ክብር ሁሉ በቍጥሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የአበበ ክብር በስምንት ወር ያልቅ ነበር።

ቍጥር ሁሉን እንደማይመዝን ሌላም ማስረጃ አለ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ታምሞ ሩጫውን ባቋረጠ ጊዜ፥ ማሞ ወልዴ አሸንፎ ለአገሩ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። የማሞ ጊዜ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነው፤ ከአበበ የቶኪዮ ጊዜ በስምንት ደቂቃ የዘገየ። ነገር ግን ሜክሲኮ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት። ማሞም ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ማን ነው በስምንቱ ደቂቃ ምክንያት የማሞን ሥራ የሚያሳንስ? ዛሬም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ሯጭ ኃይል የሚመልስ ጫማ አድርጎ፥ በሜዳው ጠርዝ ላይ ፍጥነትን በሚያሳይ መብራት እየተመራ ይሮጣል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን አሸናፊው የቀደመውን እንዳይንቅ ሊያስታውሰው ይገባል።

«እንግዲያው ታላላቆቻችን ያቆሙትን ወሰን ሳንነካ ብንተወው አይሻልምን?» የሚል ቢኖር፥ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. የሆነውን ይመልከት። በዚያች ሌሊት በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ሁለት የኢትዮጵያውያን ክብረ ወሰኖች በአንድ ሜዳ ተሰበሩ። ለተሰንበት ግደይ በ5,000 ሜትር 14 ደቂቃ ከ6.62 ሴኮንድ በመሮጥ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ያቆመችውን ወሰን አለፈች፤ ጥሩነሽም ያን ወሰን የወሰደችው ከመሠረት ደፋር ነበር። በዚያችው ሌሊት የዑጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ። ቼፕቴጌ የደከመበትን ወሰደ እንጂ የሰው ርስት አልቀማም። ነገር ግን ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ወሰን ጠባቂ አይፈልግም፤ ሯጭ ይፈልጋል። እኛ አክብረነው ብንቆምም ሌላው እየሮጠ ይመጣል።

በቋንቋችን «ቅንዓት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው ለመልካም ነገር መትጋት ነው፤ ሁለተኛው በሌላው መልካም ነገር መታመም ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩም መለያቸው ቀላል ነው። ምቀኛ ወሰኑ ዝቅ እንዲል ይመኛል፤ ትጉህ ወሰኑ ከፍ ብሎ እንዲቆይለት ይፈልጋል። የኃይሌ ወሰን ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮ ቀነኒሳ እርሱን በማለፉ ምን ክብር ያገኝ ነበር? እንግዲህ ቀዳሚው የተከታዩ ጠላት ሳይሆን ሳይከፈለው የሚያሠለጥነው መምህሩ ነው። በተከለከለ መድኃኒት ጕልበቱን አታልሎ ያሸነፈ ግን በሌሊት ድንጋይ ከሚነቅለው ጎረቤት በምንም አይለይም። ነውሩ ወሰን ማለፉ ሳይሆን ያልደከመበትን መውሰዱ ነው።

ሌላም ፈተና አለ፤ የራስን ስም ከማኅበሩ ማስቀደም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ፥ ለረጅም ዘመን የቆየውን የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። የዚያ ዓመት የሊግ ዋንጫ ግን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሆነ፤ ለክለቡም የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ክብር ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ክብር አይደሉም። አንደኛው አንድ ሰው እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል፤ ሁለተኛው ብዙ ሰዎች አንዱ ለሌላው ኳስ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ዛሬ በማራኪ ሜዳ ላይ ኳስ የሚመታ ልጅ ሁለቱንም ይመኝ፤ ነገር ግን ጓደኛው ከእርሱ ይልቅ ለግብ ቀርቦ ሳለ የራሱን ቍጥር ብሎ ኳሱን ቢይዝ፥ ያን ጊዜ ከጓደኛው ርስት እየቆረሰ መሆኑን ይወቅ።

የጎንደርን ግቢ ያየ ሰው ይህን ሁሉ በድንጋይ ተሠርቶ ያገኘዋል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቈርቍረው ግንባቸውን አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፥ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ፥ በኋላም ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሠሩ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባላል። ቢሆንም የዐፄ ፋሲል ግንብ ዛሬም በቦታው ቆሞ ይታያል፤ የልጆቹ ሥራ በአጠገቡ ሆኖ ግርማ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም።

«የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል። ዕዳ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይምሰልህ፤ የአባት ክብርም ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ በማመስገን ብቻ አይከፈልም፤ የአባቶቹን ስም እየጠራ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወለዱን እንኳ አልከፈለም። ስለዚህ አንተ ወጣት፥ አንቺም ወጣት፥ በትምህርት ቢሆን በእርሻ፥ በንግድ ቢሆን በሩጫ፥ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የት እንደ ደረሰ በሚገባ እወቁ፤ ስሙን በአክብሮት ጥሩ፤ ከዚያም በቀን ብርሃን፥ በራሳችሁ ድካም፥ እርሱ ከደረሰበት አንድ እርምጃ አልፋችሁ ሂዱ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም እናንተን ባለፈ ጊዜ መንገዱን ልቀቁለት።