ስለ ጠፋ አደራ

ሰው ለሰው የሚሰጠው አደራ ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ አደራ ይሰጣል፤ ከብት አደራ ይሰጣል፤ ልጅም አደራ ይሰጣል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ማለታቸው የነገሩን ክብደት ሲያስረዱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራ ተቀባይ የተረከበውን ዕቃ እንዲጠብቅና እንዲመልስ ያዛል። ነገር ግን ተማሪ ደክሞ ሠርቶ በአስተማሪው እጅ የሚያኖረው ጽሑፍም አደራ መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ይህን የተረዳሁት፥ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ በደል ነው። አሁን በጡረታ ዘመኔ፥ ለወጣቶች ከምክር ይልቅ በደሌን ብነግራቸው ይጠቅማቸዋል ብዬ ስላመንሁ እንደሚከተለው ጻፍሁት።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ፥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት፥ ለአሥራ አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የትውልድ መንደሩን ታሪክ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ እንዲጽፍ አዘዝሁ፤ ከመቶውም 30 ነጥብ መደብሁለት። ከተማሪዎቼ አንዱ ከገጠር መጥቶ፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፥ ቅዳሜ ቅዳሜም ስንቁን ለማምጣት ወደ ወላጆቹ የሚመላለስ ልጅ ነበረ። ዝምተኛ ነው፤ በክፍል ውስጥ እጁን የሚያነሣው ከስንት አንድ ቀን ነው።

በጥር ወር ነጥቡን ባነበብሁ ቀን የዚያ ልጅ ስም ፊት ባዶ ነበረ። ልጁም ተነሥቶ፥ «ጋሼ፥ እኔ ሰጥቻለሁ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በአስተማሪዎች ክፍል በር ላይ በእጅዎ ተቀብለውኛል» አለኝ። እኔም ለአፍታ እንኳ ሳላስብ፥ «አልሰጠኸኝም» አልሁት። «ሰጥቼዎታለሁ» አለ። ስድሳ ተማሪ ያየናል። ያን ጊዜ ነገሩ ስለ ወረቀት መሆኑ ቀረና ስለ ክብሬ ሆነ። «ውሸታም!» ብዬ አስቀመጥሁት።

በማግሥቱ ቸርነት ያደረግሁ መስሎኝ፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደገና ጽፎ ቢያመጣ እንደምቀበለው ነገርሁት። ልጁ ግን፥ «እንደገና ብጽፍ፥ አልሰጠሁም ብዬ ያመንሁ ይመስላል» ብሎ እምቢ አለ። ነገሩ ዲሬክተሩ ዘንድ ደረሰ። ዲሬክተሩም ሁለታችንን አቁሞ ጠየቀን፤ ነገር ግን አንደኛችን አስተማሪ ሁለተኛችን ተማሪ ስለ ነበርን፥ ፍርዱ ገና ከበሩ ስንገባ የታወቀ ነበር። ለልጁ ከ30ው ዜሮ ተጻፈበት።

በሐምሌ ወር ቤት ስቀይር፥ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀቶች ያሰርሁበትን ጥቅል ፈታሁ። ከመካከሉ ዐሥራ ሁለት ገጽ የሆነ፥ በአንድ ጥጉ የኩራዝ ጋዝ የነካው ጽሑፍ ወጣ። የልጁ ስም በላዩ አለ። ያን ሌሊት ተቀምጬ አነበብሁት። በመጨረሻው ገጽ የጠየቃቸውን የሦስት ሽማግሌዎች ስም ጽፎ አመስግኗቸዋል። ብጠይቀው ኖሮ ሦስት ምስክር ነበረው!

ማንም አላየኝም፤ ምድጃውም ቅርብ ነበረ። አላቃጠልሁትም፤ ነገር ግን ወዲያው ወጥቼ እውነቱን ተናገርሁ ብል እዋሻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በሣጥን ደብቄ አቆየሁት። በመስከረም ለዲሬክተሩ ብነግረው፥ «የአስተማሪዎች ክብር ይነካል፤ ያለፈውን አታንሣ» አለኝ። ሆኖም ነጥቡ እንዲታረም በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ታረመም። ከዚያም በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ያልሁትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁ ቆሞ ሲሰማኝ ከቈየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ እስቲ ልፈልገው ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር» አለና ተቀመጠ።

ይህን ቃል ለብዙ ዓመት አወጣሁ አወረድሁ። በደሌ ወረቀቱን መጣሌ አልነበረም፤ ዕቃ ከማንም እጅ ይጠፋል፤ መርሳትም የሰው ጠባይ ነው። በደሌ «አላገኘሁትም» ማለት ሲገባኝ «አልሰጠኸኝም» ማለቴ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ገደል አለ። «አላገኘሁትም» የሚል ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ይመሰክራል። «አልሰጠኸኝም» የሚል ሰው ግን የማያውቀውን በሌላው ላይ ይፈርዳል። አለማስታወስ ማስረጃ አይደለም።

ከዚህም ሌላ በደል አለብኝ። በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ለሽምግልና የሚቀመጠው ከጠቡ ውጭ ያለ ሰው ነው። በዚያ ክፍል ግን የተከራከርሁት እኔ፥ የመሰከርሁት እኔ፥ የፈረድሁትም እኔ ነኝ። ሥልጣን ያለው ሰው የሚመልስለት ስለ ሌለ ብቻ እውነት የያዘ ይመስለዋል።

ባላውቅ ኖሮ ጥፋቴ በቀለለ ነበር። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ተማሪ ቤት ሒሳብ ያስተማሩን አንዲት የውጭ አገር ሴት፥ ሥራችንን ሲቀበሉ በፊታችን መዝገብ ገልጠው ስማችንንና ቀኑን ይጽፉ ነበር። አንድ ጓደኛችን «አያምኑንም ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ መዝገቡ የተያዘው እኛ እንዳንዋሽ ሳይሆን እርሳቸው እንዳይረሱ መሆኑን ነገሩት። እኔ ይህን እያወቅሁ መዝገብ አልያዝሁም።

በእንግሊዝ አገር የሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ደራሲው ቶማስ ካርላይል ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል፥ ገና ሳይታተም፥ እንዲያነበው ለወዳጁ ለፈላስፋው ለጆን ስቱዋርት ሚል ሰጠው። በ1835 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ በሚል እጅ ሳለ ተቃጠለ፤ እንደሚተረከውም አንዲት የቤት ሠራተኛ የማይረባ ወረቀት መስሏት እሳት ለኵሳበታለች። ካርላይል ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሚል ግን ነገሩን አልሸሸገም፤ ማታ ራሱ ወደ ካርላይል ቤት ሄዶ የሆነውን ነገረው። ካርላይልና ሚስቱም ኀዘናቸውን በልባቸው ይዘው እርሱኑ ሲያጽናኑ አመሹ። ሚል ካሣ አቀረበ፤ ካርላይልም 100 ፓውንድ ተቀብሎ ሥራውን ከመጀመሪያው ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1837 እ.ኤ.አ. ታተመ። ካርላይል እንደገና መጻፍ የቻለው ብርቱ ደራሲ ስለ ነበረ ብቻ አይመስለኝም። «መጀመሪያም አልጻፍህም» ያለው ሰው አልነበረም። የጠፋበትን የሚያምንለት ሰው ያገኘ ድካሙን ይችላል፤ ለደካማው ልጅ የከበደው ዐሥራ ሁለት ገጽ መጻፍ ሳይሆን ውሸታም ተብሎ መጻፍ ነበር።

አንዳንድ ሰው፥ «ሰጥቻለሁ ያለ ሁሉ ከታመነ ሰነፎች ይበዛሉ» ይል ይሆናል። ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም፤ የሚዋሽ ተማሪ አለ፤ እኔም አጋጥሞኛል። ነገር ግን ልጁን ለብቻው ጠርቶ የጻፈውን በቃሉ እንዲናገር መጠየቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሠራ ሰው ሥራውን ይተርካል፤ ያልሠራ ይንተባተባል። ይህም ባይሆን፥ አንድ ሰነፍ በሐሰት ቢያልፍ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አንድ እውነተኛ ውሸታም ተብሎ ቢቀጣ ግን፥ ድካሙንም ስሙንም በአንድ ቀን ያጣል።

እናንተም ወጣቶች፥ ከዚህ ታሪክ የራሳችሁን ድርሻ ውሰዱ። የጻፋችሁትን ቅጂ ሳታስቀሩ አትስጡ፤ ስትሰጡም ሰው ባለበት ስጡ። ዛሬ ሥራው በስልክና በኢንተርኔት በሚላክበት ዘመን እንኳ «ላክሁ»፥ «አልደረሰኝም» የሚለው ክርክር አልቀረም። በደል ሲደርስባችሁ፥ ያ ልጅ እንዳደረገው፥ ሳትሳደቡና ሳትለማመጡ እውነታችሁን ተናገሩ። እንደገና መጻፍን እንደ እርሱ እምቢ በሉ አልላችሁም፤ «እጽፋለሁ፥ ነገር ግን ሰጥቼ ነበር» ብሎ የሚጽፍም ክብሩን አልጣለም። ያላደረጋችሁትን አደረግሁ ብላችሁ ግን ለነጥብ ስትሉ አትመኑ።

ነገ ደግሞ ከእናንተ መካከል አስተማሪ፥ ሹም፥ ዳኛ የሚሆን አለ። ያን ጊዜ አንድ ድኻ በፊታችሁ ቆሞ «ሰጥቼዎታለሁ» ቢላችሁ፥ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ተነሥታችሁ ሣጥናችሁን ፈልጉ።