የማይታጠፍ ጉልበትና ስግደት

ስግደት አማኝ በአምላኩ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩ ምድር እስኪነካ ዝቅ የሚልበት አምልኮ በመሆኑ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው አረጋዊ ሰግዷል ወይስ አልሰገደም የሚለው ጥያቄ በቦሌ መድኃኔ ዓለምም ሆነ በገርጂ ጊዮርጊስ፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት፣ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ብዙ ጊዜ ጉልበትን እንዲህ የሚያግደው፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ሕመም የሚከሠተው የጭንንና የቅልጥምን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት፣ ማለትም ሁለቱ አጥንቶች ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን፣ ቀስ በቀስ ሲሸረሸር ሲሆን፣ ከዚሁ ጋር የጭን ፊት ጡንቻም ይደክማል። በደልዳላ መሬት ሲሄዱ እንኳ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነትን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ስለሚሆን፣ ሕመምተኛው እርምጃውን ያሳጥራል፣ ጉልበቱን ገትሮ በዝግታ ይራመዳል፣ አንዳንዴም የላይኛውን አካሉን ወደሚያመው ጎን ያዘነብላል፤ ይህም ዘወትር የእርጅና ድካም ብቻ ተደርጎ ቢታይም፣ ጫናውን ከታመመው የጉልበት ክፍል ለማሸሽ አካል ራሱ የዘየደው ብልሃት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው እንዴት ይሰግዳል ለሚለው ጥያቄ በእስልምና ብያኔው ግልጽ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ ለባልደረባቸው ለዒምራን ኢብን ሑሰይን በሰጡት መመሪያ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል፤ ተቀምጦ የሚሰግደውም ለሱጁድ (ግንባርን ምድር ለማስነካት) ከሩኩዕ (ከማጎንበስ) ይልቅ ዝቅ ይላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግን ብዙዎች የሚያስቡት ለብዙ ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው የተሰበረውን፣ መታሰቢያቸውም ጥር 24 ቀን የሚከበረውን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስለሆነ፣ ወንበር የሚፈልግ አረጋዊ እንደ ሰነፍ ይሰማዋል። ይሁንና የጻድቁ ተጋድሎ ራሳቸው የመረጡት የመናኝ ተጋድሎ እንጂ በሰባ ዓመት እናት ላይ የተጣለ ግዴታ አይደለም፤ ካህናቱም ቢሆኑ በረጅሙ ማሕሌት መቋሚያ ይደገፋሉ።

እግዚአብሔር ልብን ያያል ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ይህ አባባል አካልን ከአምልኮ ያስወጣዋል። በትሩን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይዞ፣ ክብደቱን በየእርምጃው እጥፍ ድርብ ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የደረሰ ሰው በአካሉ አምልኳል፤ ተቀምጦ ራሱን ዝቅ ሲያደርግም ያንኑ አምልኮ ይቀጥላል። የንስሐ አባትም ቀኖና ሲሰጥ የሰውን አቅም መዝኖ፣ ስግደት ለማይችለው ጸሎት ወይም ምጽዋት ያዝዛል።