ፎቷቸውን ወሰድን፤ ክብራቸውንስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሸክላ ሠሪዎችን ሥራ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ወደ ምዕራብ ሸዋ ሄጄ ነበር። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፌ አምቦ ደረስኩ። የቅዳሜውን ገበያ ካየሁ በኋላም በሰው ጥቆማ ከከተማዋ ወጣ ብላ ወደምትገኝ መንደር ዘለቅኩ። እዚያ ያገኘኋቸው እናት ያለ አንዳች መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ፣ የጀበና አንገት እየሠሩ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ ካሜራዬን ደቅኜ አንድ ጊዜ አነሳኋቸው። ቀና ብለው በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጀበናውን አንሳ፤ እጄንም አንሳ፤ ፊቴን ግን ተውልኝ።» ምክንያቱን ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሴት ልጄ ከተማ ተድራለች። የባሏ ዘመዶች የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን አያውቁም።»

እሺ ብዬ ከዚያ በኋላ እጃቸውን ብቻ አነሳሁ። የመጀመሪያዋ ፎቶግራፍ ግን ከእኔው ጋር ቀረች። አዲስ አበባ ተመልሼ ሳያቸው ከሁሉም የምትበልጠው እሷው ሆነች። «ጽሑፉ ሙያውን የሚያወድስ ነው፤ ምን ይጎዳቸዋል?» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ለኅትመት አቀረብኳት። ሳትታተም የቀረችው ገጹ ስለሞላ እንጂ እኔ ስለተጸጸትኩ አልነበረም። ጸጸቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ይህንን ያጻፈኝም እሱ ነው። ለመሆኑ በጎ ዓላማ የሰውን እምቢታ ለመሻር ይበቃልን?

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ ግማሽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይሁንና አንቀጽ 28 ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲባል ፈቃድ የማያስፈልግበትን በር ይከፍታል። እኔም «የባህል ጉዳይ ነው» ብዬ በዚያ በር ለመግባት መከራከር እችል ነበር። ነገር ግን ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ያቺ ልጅ ትዳሯ ቢናጋ የሕጉ አንቀጽ አያስታርቃትም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ይነሳል። «ፊታቸውን ከደበቅን ንቀቱን አገዝነው ማለት ነው፤ ነውር የሚሻረው በአደባባይ ሲታይ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት አላቸው። ንቀቱ ሥር የሰደደ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ሆኖም አዋጅ ጋብቻን አይመራም። በኦሮሞ አካባቢዎች ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ ማረሻውንና ማጭዱን ባይሠራ ገበሬው አያርስም፤ አያጭድም። ያው ገበሬ ግን ከቱምቱ ቤት ልጁን መዳር ነውር አድርጎት ኖሯል። በአማራው አገርም «ጠይብ» እና «ቡዳ» የሚሉት ስሞች ተመሳሳይ ግንብ ሠርተዋል።

ግንቡ መፍረስ አለበት። ጥያቄው ሲፈርስ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። እኔ ፎቶውን አትሜ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ደመወዜም ምስጋናዬም አይጓደልም። ዕዳውን የምትከፍለው ልጃቸው ናት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይኼው ነው። አንድ ባለሙያ በራሱ ፈቃድ «ስሜንም ፊቴንም አውጡት፤ አላፍርበትም» ካለ ልናከብረውና ልናግዘው ይገባል። ያንን ጀግንነት ግን ከእሱ ተበድረን በስሙ ልንፈጽመው አንችልም።

የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ በ1984 አንድ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ፓኪስታን በሚገኝ የስደተኞች ሰፈር አንዲት አፍጋናዊት ልጅ አነሳ። ፎቶው በ1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ሆነ፤ ዓይኖቿን ዓለም አወቃቸው። ሸርባት ጉላ የምትባል መሆኗ የታወቀው ግን በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ነው። እሷም እስከዚያ ድረስ ፎቶዋን አይታው አታውቅም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቷ ስሟን ትቶ ዓለምን ዞረ። ምስሉ ስለ ስደተኞች ብዙ ልብ አንቅቷል፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ከባለቤቷ ሳይጠየቅ የተወሰደ ነገር ስለመኖሩ ማን ይጠራጠራል?

ፎቶግራፍን በተመለከተ ዑለማዎቻችን የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል፤ ከሥዕል ጋር የሚያዩት አሉ፣ እንደ መስተዋት ነጸብራቅ የሚቆጥሩትም አሉ። ያ ክርክር ስለ አንሺው ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ተነሺው ነው። በእሱ በኩል መልሱ የሚያሻማ አይመስለኝም፦ የሰው ምስል በእጃችን ሲገባ አማና ነው። ሙያን ስለመናቅማ ሰበብ የለንም። ነቢዩላህ ዳውድ ብረት ገርቶላቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ከእጃቸው ሥራም ይበሉ ነበር። ነቢዩላህ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ። ይህን በየኹጥባው የሰማን ሰዎች የቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ፊታችንን የምናዞር ከሆነ ነውሩ የሸክላ ሠሪዋ አይደለም።

ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ካሜራ ይዘን እንዞራለን፤ ገበያ የወጣ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳዩ የጋዜጠኞች ብቻ አይደለም። ከማንሳታችን በፊት እንጠይቅ። ፎቶው የት እንደሚወጣና ማን ሊያየው እንደሚችል በሚገባቸው ቋንቋ እንንገራቸው። አሥር ብር ሰጥቶ ችግረኛን ዝም ማሰኘት ፈቃድ አይባልም። የፈቀደውን እንደ ማንኛውም ባለሙያ በስሙ እንጥራው፤ አንድ ቅጂም እናድርስለት። እምቢ ያለውን ደግሞ ሳንከራከር እንተወው።

ያቺን ፎቶግራፍ አጥፍቻታለሁ። የእጆቻቸውን ፎቶ አሳጥቤ በሌላ ቅዳሜ ወስጄላቸው ነበር፤ ለረዥም ጊዜ አዩትና «እነዚህስ የእኔው ናቸው» ብለው ሳቁ። ፊታቸውን ያለ ሥጋት የሚያሳዩበትን ቀን አላህ ያምጣልን፤ እኛም ለዚያ ቀን የበኩላችንን የምናደርግ ያድርገን።