የበቅሎዋ ገመድና የመኪናው ጎማ

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እልኸኛ ሰው ሌላውን ጎዳሁ ብሎ የሠራው ሥራ ዞሮ በራሱ ላይ እንደሚያርፍ ለማስረዳት የሚነገር ነው። መነሻው የግጦሽ ልማድ ነው። በቅሎ መስክ ላይ ስትውል በገመድ ከችካል ጋር ትታሰራለች፤ ልትግጥ የምትችለውም ገመዱ በሚፈቅድላት ክብ ውስጥ ያለውን ሣር ብቻ ነው። ገመዱን በጥሳ ብትገኝ ባለቤቷ የተበጠሰውን ቋጥሮ መልሶ ያስራታል፤ በዚህን ጊዜ ቋጠሮው ከርዝመቱ ላይ ስለሚወስድ የግጦሿ ክብ ይጠባል። ጉዳቱም ሲያዩት ከሚመስለው ይከፋል፤ ገመዱ በግማሽ ቢያጥር የምትግጠው መሬት የቀድሞው ሩብ ብቻ ይሆናልና።

ይህ አነጋገር ከመስክ ወደ ከተማ ከገባ ቆይቷል፤ ዛሬ ከሚነገርባቸው ቦታዎች አንዱም የመኪና መሸጫና መጠገኛው ግቢ ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ ጎማው በተደጋጋሚ የሚያብጥበት፣ የሚላጥበት ወይም የሚፈነዳበት ሰው ቅሬታውን ይዞ ሲሄድ፣ ምሳሌው በቃሉ ባይጠራም ፍሬ ነገሩ ይነገረዋል፤ ነፋስ ሳይሞላ ነድቷል፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፣ ከልክ በላይ ጭኗል፣ በሌላ ጋራዥ አስነክቷል ይባላል። ገመዱን የበጠሰው ራሱ እንደ ሆነ፣ ዋስትናውንም በራሱ እንዳሳጠረ ተነግሮት ይሸኛል። ምሳሌው እዚህ ላይ መፈተን የሚገባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ስለሚባሉበት ነው። አንደኛው ጉዳቱ በማን ላይ እንዳረፈ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉዳቱን ማን እንዳመጣው ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ለብቻው መመርመርና መረጋገጥ አለበት።

በቅድሚያ ምሳሌው ልክ የሚሆንበትን ቦታ ማየት ተገቢ ነው፤ ቦታውም ሰፊ ነው። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ በአብዛኛው «ራዲያል» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ አካሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በተዘረጉ ክሮች የተሠራ ነው፤ በክሮቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የብረት ሽቦ መቀነቶች ይደረባሉ፣ መንገዱን የሚነካው ጥርስ ደግሞ ከመቀነቶቹ በላይ ይሆናል። ነፋሱ ሲጎድል የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከሚገባው በላይ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱም መቀነቶቹንና ላስቲኩን አንድ ላይ የያዘውን ትስስር ቀስ በቀስ ያላላል። ትክክለኛው የነፋስ ልክ የሚገኘው በሾፌሩ በር መቃን ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው እንጂ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይደለም፤ የጎኑ ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት የሚያመለክት ነውና። መለካትም ያለበት መኪናው ቆሞ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የነፋስ መለኪያ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ በምትገኘው በአዲስ አበባ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ጅቡቲ ጠረፍ ሲደርስ፣ የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን ኖሮ፣ ከ28 እስከ 29 ብቻ ያሳይ ነበር፤ የቆላው ሙቀት የጎደለውን በከፊል ይመልሰዋል እንጂ የሾፌሩን የመለካት ግዴታ አያስቀርም። ይህን ሁሉ ችላ ያለ ባለመኪና ገመዱን በእርግጥም በራሱ እጅ አሳጥሯል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከክርክር ይልቅ ጎማው ራሱ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልምድ ያለው ጎሚስታ፣ ማለትም የጎማ ጠጋኝ፣ ጎማውን ከቸርኬው አውልቆ መሬት ላይ ሲያጋድመው በመጀመሪያ የሚያየው ጥርሱ የተበላበትን ቦታ ነው። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሃሉ ከቀረ ነፋስ ጎድሎበት እንደ ተነዳ፣ መሃሉ አልቆ ጠርዞቹ ከቀሩ ደግሞ ከልክ በላይ እንደ ተሞላ ይረዳል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ተግጦ ሌላው አዲስ ከሆነ የእግሮቹ አቀማመጥ፣ በተለምዶ «አላይመንት» የሚባለው፣ ተዛብቷል ማለት ነው። ጥርሱ በዙሪያው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ፣ የመንገዱን ንዝረት የሚመጥጠው «ሾክ አብዞርበር» መድከሙ ወይም የጎማው ሚዛን መጥፋቱ ይጠረጠራል። በጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ከታየ፣ በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ምት የውስጥ ክሮቹ ሳይበጠሱ አልቀሩም። ዕድሜው ገና የሆነ፣ ጥርሱም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል የተበላ ጎማ መቀነቱ ከመቀነቱ ተላቅቆ ሽቦው ብልጭ ብሎ ሲገኝ ግን ጥያቄው ከባለመኪናው ወደ ፋብሪካው መሻገር አለበት።

ጎማው የተወለደበትንም ቀን ተሸክሞ ይዞራል። «ዶት» በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት የሚጀምረው የጎን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 3519 ተብሎ የተጻፈ ጎማ በ2019 በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ጎማ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃልና።

የመሸጫና መጠገኛው ግቢ፣ ማለትም የአገልግሎት ማዕከሉ፣ ምላሽ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ይቀድማል። የብዙ አቤቱታዎች መነሻ ይህ ነው። ባለመኪናው ጎማው ለምን እንደ ተላጠ ሲጠይቅ፣ የመኪናው ዋስትና ሞተርንና ካምቢዮን እንጂ ጎማን እንደማይሸፍን ይነገረዋል፤ ጎማን በተመለከተ ዋስትና የሚሰጠው በአብዛኛው የጎማው አምራች ስለሆነ አባባሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ወደ ጎማው አስመጪ ሲሄድ ደግሞ ጎማው ጤነኛ እንደ ሆነና ጥፋቱ ከመኪናው እግር እንደሚመጣ ሰምቶ ይመለሳል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው፣ ሁለቱም የሚሰጡት መልስ በራሱ እውነት ሆኖ የተጠየቀውን ግን አይመልስም። በዚህ ምልልስ ወራት ያልፋሉ፤ ስኮርታው፣ ማለትም ተጠባባቂው ጎማ፣ የዘወትር ጎማ ይሆናል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ በራሱ ገንዘብ ሌላ ጎማ ሲገዛ፣ ምክንያቱ ያልታከመው መኪና አዲሱንም ያበላሸዋል።

ምሳሌው በትልቁ የተፈተነበትን ጉዳይ ለማየት በአሜሪካ በፋየርስቶን ጎማዎች ላይ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ኩባንያው በ1970ዎቹ «500» የተባለው ራዲያል ጎማው መላጥ ሲያበዛ ነፋስ አለመሙላትንና ጭነት ማብዛትን ምክንያት አድርጎ ጥፋቱን በሾፌሮች ላይ ጣለ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ግን ወደ 14.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ተስማማ። ከሃያ ዓመት በኋላ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪናዎች ላይ የሚገጠሙት ጎማዎቹ በተለይ በሞቃት አገሮች መላጥ ጀመሩ። ከሳውዲ ዓረቢያና ከአጎራባች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡት ቅሬታዎች መጀመሪያ ላይ የተያያዙት በአሸዋ ላይ ለመንዳት ነፋስ ከሚያጎድሉ ሾፌሮች ልማድ ጋር ነበር፤ ፎርድ በ1999 የእነዚያን ደንበኞች ጎማ መለወጥ ሲጀምር በአሜሪካ ያሉት ባለመኪናዎች ግን በዚያው ጎማ ይነዱ ነበር። ኦገስት 9 ቀን 2000 ፋየርስቶን ካመረታቸው 14.4 ሚሊዮን ጎማዎች በመንገድ ላይ ቀርተዋል የተባሉት ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉት እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር የተያያዙ ከ270 በላይ የሞት ሪፖርቶች ደርሰውታል። ሟቾቹ ስለ ብረት መቀነትና ስለ ላስቲክ ትስስር ማወቅ የማይጠበቅባቸው ተጓዦች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው። ፋየርስቶን ፎርድ ለጎማዎቹ የመከረው 26 ፒኤስአይ አነስተኛ እንደ ነበረ፣ መኪናውም ለመገልበጥ የተመቸ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ፎርድ ደግሞ በዚያው ልክ የተሞሉ የሌላ አምራች ጎማዎች በተመሳሳይ መኪና ላይ በዚያ መጠን እንዳልተላጡ አስረዳ። በመሥራቾቹ በሄንሪ ፎርድና በሃርቪ ፋየርስቶን ዘመን የተጀመረው ወደ አንድ ምዕተ ዓመት የተጠጋ ግንኙነት በ2001 ተቋረጠ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሾፌሩ እንደ መመሪያው 26 ሞልቶ ቢነዳም እንኳ ከሁለቱ በአንዱ ዘንድ ነፋስ አጉድሎ የነዳ ሰው ሆኖ መቆጠሩ ነው። ገመዱ አጥሮ የተሰጣት በቅሎ ገመዷን አሳጠረች ተባለች ማለት ይህ ነው።

ምርመራው ወደ ጎማው ውስጥ ሲገባ፣ ስንጥቁ ከብረት መቀነቶቹ ጠርዝ ላይ ጀምሮ በሁለቱ መካከል እየተስፋፋ እንደሚሄድ ታወቀ። ችግሩ ጎልቶ ከታየባቸው ፋብሪካዎች አንዱ በኢሊኖይ ግዛት በዲኬተር ከተማ የነበረው ሲሆን፣ ከ1994 እስከ 1995 ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተካሂዶበት ነበር። አለን ክሩገርና አሌክሳንደር ማስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የተበላሹ ጎማዎች በብዛት የተመረቱት ኩባንያው ሠራተኞቹ የደመወዝ ቅናሽ እንዲቀበሉ በጠየቀበት ወቅትና ከአድማው የተመለሱት ከተተኪዎቹ ጋር ጎን ለጎን በሠሩበት ወቅት እንደ ሆነ አሳይተዋል። በቴክሳስ ወይም በሪያድ አውራ ጎዳና ላይ የተላጠው ጎማ ምክንያቱ ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ፣ በቅሬታ ውስጥ በነበረ የፋብሪካ ወለል ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማንም ባለመኪና ይህን ብቻውን ሊደርስበት አይችልም።

ነገሩን አስቀድሞ የተጠራጠረው፣ የብዙ ሰዎችን አቤቱታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የማየት ዕድል የነበረው ሰው ነው። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ተመራማሪ በ1998 ሃያ አንድ ተመሳሳይ አደጋዎችን ለይቶ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ቢያሳውቅም፣ ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ሰሚ አላገኘም። በ2000 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ሕግ አምራቾች የዋስትና ጥያቄዎችንና የደንበኞችን ቅሬታዎች በየጊዜው ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ያስገደደውም ከዚህ ትምህርት በመነሣት ነው፤ የጎማ ነፋስ መጉደሉን ለሾፌሩ የሚጠቁመው መሣሪያ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነውም በዚሁ ሕግ መነሻነት ነው። ሕጉ ሁለቱንም ወገን መንካቱ ፍትሐዊ ነው፤ ሾፌሩ ነፋሱን እንዲያውቅ፣ አምራቹም አቤቱታውን እንዳይቀብር አድርጓልና።

በኢትዮጵያም ገዢው ያለ መከላከያ አልተተወም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎቹ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። አብዛኛው ባለመኪና የሚሳሳተው በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ቅሬታውን ባንኮኒው ላይ በቃል ተናግሮ፣ አንዳንዴም ምንም ሥልጣን የሌለውን ተቀባይ ሠራተኛ ተቆጥቶ ይወጣል፤ የተላጠውን ጎማ ጎሚስታው ጋ ጥሎት ይሄዳል፤ ከወር በኋላ ሲመለስ ማስረጃው የለም፣ ማስታወቂያው መሰጠቱም አይታወቅም። የጎማው ቁራጭ፣ አራቱ የምርት አኃዞች፣ በዕለቱ የተነበበው ኪሎሜትርና የአላይመንት መለኪያው ወረቀት ተያይዘው በጽሑፍ ቢቀርቡ፣ ማዕከሉም ፈርሞ ቢቀበል፣ ቢያንስ ክርክሩ ስለ ጎማው ይሆናል።

ከባዱ ግዴታ ግን የማዕከሉ ነው። ባለመኪናው የሚያውቀው የራሱን አራት እግሮች ብቻ ሲሆን፣ ማዕከሉ በአንድ ሳምንት የተመረቱ ጎማዎች በሦስትና በአራት ደንበኞች መኪና ላይ ሲላጡ ማየት ይችላል። ይህን እያየ እያንዳንዱን ለየብቻው «ጉድጓድ ገብተህ ነው» ብሎ የሚሸኝ፣ ለአስመጪውም ለአምራቹም ሳያስታውቅ ጎማዎቹን የሚጥል ድርጅት፣ በሚቀጥለው ደንበኛ ላይ የሚደርሰውን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና በጥፋቱ ተጠያቂ ሊሆን ይገባል።